ቀኝ እጁ ትሪው ላይ፣ ግራ እጁ ስልኩ ላይ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 34 ነው። ከተጋባን 9 ዓመት ሆነን፤ የ7 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉን። ባለቤቴ መጥፎ ሰው አይደለም። አይጠጣም፣ አያመሽም፣ ደመወዙን ቤቱ ያመጣል። ግን ቤት ገብቶም የለም። ራት ላይ በቀኝ እጁ እየጎረሰ በግራው ስልኩን ይነካካል። አሜሪካ ያለው ወንድሙ ከደወለማ ገበታውን ትቶ ይነሳል። ማታ የሌሊት ጥቅል ይገዛና አልጋ ላይ ሆኖ እስከ ስድስት፣ ሰባት ሰዓት ቲክቶክ ያያል። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እተኛለሁ። ከተቀራረብን ሦስት ወር አለፈን፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከአንድ ወር በፊት ተኝቶ ሳለ ስልኩን በገዛ ጣቱ ከፍቼ በረበርኩት። ምንም አላገኘሁም። ጠዋት አወቀብኝ፤ የጣት አሻራውን አጥፍቶ የይለፍ ቁጥሩን ቀየረ። ከዚያ ወዲህ ‹ደህና ዋይ፣ ደህና እደር› ካልሆነ አንነጋገርም። እውነቱን ለመናገር እኔም ልጆቹ ከተኙ በኋላ በስልኬ ተከታታይ ፊልም አያለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ብቻዬን ነኝ። ሌላ ሴት ይዞ ይሆን? ስልኩን ምን ላድርገው? ሽማግሌ ልጥራ ወይስ ዝም ልበል?»

መልስ፦ እህታችን፣ እንቅልፍ ከነሳሽ ጥያቄ እንጀምር። የጻፍሽልን ነገር ሌላ ሴት መኖሯን አያሳይም። ከትዳሩ ውጭ ግንኙነት ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ስልኩን የሚሸሽግ ነው። ስክሪኑን ወደ ታች ደፍቶ ያስቀምጠዋል፣ ሲደወልለት ወደ በረንዳ ይወጣል፣ ሽንት ቤት ይዞት ይገባል፣ ጠጋ ስትይ ገጹን ይቀይራል። ባለቤትሽ አጠገብሽ ተጋድሞ፣ አንቺ የሚያየውን እያየሽው ነው የሚያየው። የይለፍ ቁጥሩን መቀየሩንም እንደ ማስረጃ አትቁጠሪው፤ የቀየረው ስልኩ ከተበረበረ በኋላ ነው። ዋስ ልንሆንለት አንችልም፤ ግን በደብዳቤሽ ላይ ያለው ሰው የደበቀ ሳይሆን የሸሸ ሰው ይመስላል። ከምን እንደሸሸ ኋላ እንመለስበታለን።

ሌላም ልታጣሪው የሚገባ ነገር አለ፤ የስፖርት ውርርድ። ከቴሌብር ወይም ከባንክ ሂሳቡ ትንሽ ትንሽ ገንዘብ ቶሎ ቶሎ የሚወጣ ከሆነ፣ ጨዋታ ባለበት ምሽት ፊቱ በየደቂቃው የሚለዋወጥ ከሆነ፣ የወሩ ወጪ ከቀኑ በፊት ማለቅ ከጀመረ፣ ችግሩ ቲክቶክ ስላልሆነ ከዚህ በታች የምንለው ብቻውን አይበቃም። ስለ ገንዘቡ በቀጥታ ጠይቂው። ደመወዙ እንደ ወትሮው ቤት እየገባ ከሆነ ግን ይህን ፍርሃት አስቀምጪው።

አሁን ወደ ትሪው እንምጣ። የእኛ ማዕድ ለስልክ የተመቸ ነው፤ በቀኝ እጅ ስለምንበላ ግራው ሥራ ፈት ነው። በሹካና በቢላ የሚበላ ሰው ስልክ ለማንሳት አንዱን ማስቀመጥ አለበት፤ የእኛ ሰው ግን ሳይቋረጥ እየጎረሰ ያያል። እየበላ ስለሆነ አብሮሽ እንዳለ ይሰማዋል፤ «ምን አጠፋሁ? አብሬሽ ራት እየበላሁ!» ቢልሽ ከልቡ ነው። አንቺ ደግሞ ከአንድ ትሪ ላይ ብቻሽን እየበላሽ ነው። ሁለታችሁም የምትናገሩት እውነት በመሆኑ ክርክሩ መጨረሻ የለውም።

ይህ ነገር በየአገሩ ያለ ነው፤ ስምም ወጥቶለታል። እ.ኤ.አ. በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ «ፈቢንግ» የሚል ቃል ተፈጠረ፤ አጠገብ ያለን ሰው ትቶ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ማለት ነው። በአሜሪካ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጄምስ ሮበርትስና ሜረዲዝ ዴቪድ ጉዳዩን አጥንተው ነበር። ከጠየቋቸው አዋቂዎች 46.3 በመቶው አጋራቸው በስልክ ምክንያት ችላ እንደሚላቸው፣ 22.6 በመቶው ደግሞ ነገሩ ጠብ እንዳስነሳባቸው ተናግረዋል።

ለምን እንዲህ ያማል? በትዳር ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጥቃቅን ጥሪዎች አሉ። «ዛሬ ታክሲ እንዴት አስቆመኝ መሰለህ»፣ «ይቺን ቅመሳት እስቲ»፣ «ልጁ ምን አለ መሰለህ»። ጉርሻም ጥሪ ነው። ጠሪው የሚፈልገው ትልቅ መልስ አይደለም፤ ቀና ብሎ የሚያይ ዓይን ይበቃዋል። በሲያትል የጋብቻ ጥናቱ የታወቀው ጆን ጎትማን አዲስ ተጋቢዎችን ተመልክቶ ከ6 ዓመት በኋላ ሲያያቸው፣ አብረው የቆዩት ለእንዲህ ያሉ ጥሪዎች 86 በመቶውን ጊዜ ምላሽ ይሰጡ የነበሩ ናቸው፤ የተፋቱት 33 በመቶውን ብቻ። ስልክ የሚበላው እነዚህን ጥሪዎች ነው። ጥሪው ደጋግሞ መልስ ሲያጣ ጠሪው መጥራቱን ያቆማል። አንቺ ፊትሽን ወደ ግድግዳ ያዞርሽው፣ ፊልሙንም የጀመርሽው እዚህ ላይ ይመስለናል።

ስለዚህ የምንፈልገው ጥሪው መልስ የሚያገኝባቸው ጥቂት ሰዓታት ናቸው። ስልኩን ከቤት ማስወጣት አይቻልም፤ ሥራው፣ ዕድሩ፣ ወንድሙ፣ ገንዘቡ እዚያው ውስጥ ነው። መደበቅ፣ መንጠቅ፣ ዋይፋይ መንቀል፣ ልጆቹ ፊት «ስልክህን አግባው!» ማለት እልህ ብቻ ነው የሚያተርፈው። ቤት ውስጥ ተቆጣጣሪ እንዳለ የሚሰማው ሰው አንድ ነገር ይማራል፤ ተደብቆ ማየትን።

የመጀመሪያው እርምጃ ያንቺ ነው፤ ከባድም ነው። ስልኩን መበርበርሽን አንሺና ይቅርታ ጠይቂ። ይህ በመካከላችሁ እያለ ስለ ስልክ የምትናገሪው ሁሉ ክስ ሆኖ ነው የሚሰማው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ተኝተህ ስልክህን መክፈቴ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ። ፈርቼ ነው እንጂ ሌባ አድርጌህ አይደለም።» «ግን አንተም» የሚል አትጨምሪበት፤ ያቺ «ግን» ይቅርታውን ትሰርዘዋለች። አዲሱን ቁጥር እንዲነግርሽም አትጠይቂው። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን እለፊ። ይቅርታውና ጥያቄው በአንድ ምሽት ከመጡ ይቅርታው መግቢያ ብቻ ይመስላል።

ቀጥሎ ንግግሩ። ጊዜው ስልኩ እጁ ላይ እያለ፣ አልጋ ላይ፣ ወይም ከሥራ በገባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አይሁን። እሑድ ረፋድ ላይ ቡና ስታፈዪ፣ ወይም ልጆቹን እያጫወታችሁ ጎን ለጎን ስትሄዱ ይሻላል፤ ጎን ለጎን ሆኖ ማውራት ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ለብዙ ወንዶች ይቀላል። «ሁልጊዜ ስልክህ ላይ ነህ» ካልሽው ሁልጊዜ እንዳልሆነ በማስረዳት ይጀምራል። «ናፍቀኸኛል። ራት ላይ ወሬህን መስማት እፈልጋለሁ» ብትይው ግን የሚከራከርበት የለውም። የጠየቅሽው ነገር አንድ፣ ትንሽና ሰዓት ያለው ይሁን። «ስልክ ቀንስ» የሚባል ነገር የለም፤ ስንት እንደሚቀንስ አይታወቅማ። «ለ15 ቀን ያህል ራት ላይ የሁለታችንም ስልክ ቡፌው ላይ ይቀመጥ» የሚለው ግን ተደረገ ወይም አልተደረገም ይባላል።

«የሁለታችንም» ያልነው ሆን ብለን ነው። «አንቺስ? ፊልምሽስ?» ማለቱ አይቀርምና ሳይጠይቅሽ አንቺው አንሺው። የብቸኝነትሽ ምክንያት ይገባናል። እሱ ግን የሚያየው ምክንያትሽን አይደለም፤ የስልክሽ ብርሃን ያረፈበት ፊትሽን ነው። እሱም «ከእኔ ፊልሙን መርጣለች» እያለ እንደሚሆን አስቢው።

ራቱ እንዲህ ይሁን። ሁለቱ ስልኮች ከእጅ በማይደረስበት፣ ተነስቶ ካልሄዱ በማይነኩበት ቦታ ይቀመጡ፤ ቡፌ፣ ፍሪጅ ራስ፣ የበሩ አጠገብ። ስክሪኑን ደፍቶ ገበታው ላይ ማስቀመጥ አይሠራም፤ በነዘረ ቁጥር ሁለታችሁም ታዩታላችሁ፣ ወሬውም ይቆረጣል። ጊዜው ከእጅ መታጠብ እስከ እጅ መታጠብ ነው፣ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ። ከዚያ በላይ መጀመሪያ ላይ አትጠይቂ። የ4 ዓመቱ ልጅ ስልክ እያየ የሚበላ ከሆነ እሱም አብሮ ይለመድ፤ ሁለት ሦስት ቀን ያለቅሳል፣ ከዚያ ይተወዋል። ለልጅ የተከፈተ ስልክ ለአባትም በር ይከፍታል። ቴሌቪዥኑ ዜና ላይ ከሆነ ደግሞ ስልኩን ማስቀመጡ ጥቅም የለውም።

የወንድሙ ጥሪ ራት ላይ የሚመጣው በክፋት አይደለም። ዋሽንግተን እኩለ ቀን ሲሆን አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው፤ የሱ የምሳ ዕረፍት የእናንተ ራት ላይ ይወድቃል። ባለቤትሽ ራሱ ለወንድሙ ቀን ይቁረጥለት፤ ለምሳሌ እሑድ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት፣ እዚያ ጠዋት ስለሆነ። ልጆቹም አንቺም አብራችሁ ሰላም በሉት። ስደት ላይ ላለ ሰው በጥድፊያ ከሚወራ አምስት ደቂቃ ይህ ይሻለዋል፤ አንቺም ወንድማማቾችን ለመለየት የመጣሽ አትመስዪም።

ቡናን በተመለከተ ሦስቱንም ስኒ አትጠይቂ። አቦል ብቻ ያለ ስልክ ይሁን። ቶናና በረካ ላይ ቢያነሳው ዝም በይው። አቦሉ ላይ የተጀመረ ጥሩ ወሬ ብዙ ጊዜ በራሱ ጉልበት ቶናን ይሻገራል።

ስለ አልጋው ሰፋ አድርገን እንናገር፤ የሦስት ወሩ ዝምታ ያለው እዚያ ነውና። በባልና ሚስት መካከል ያለው መቀራረብ የሚጀመረው መብራት ከመጥፋቱ በፊት ባሉት 20 እና 30 ደቂቃዎች ነው፤ እግር ለእግር ሲነካካ፣ ስለ ነገ ሲወራ፣ ሲሳቅ። ስልኩ የወሰደባችሁ ይህን ሰዓት ነው። አንዱ ተኝቶ ሌላው ሲያመሽ ደግሞ አልጋው አንድ ቢሆንም የምትተኙት በየተራ ነው።

የሚከብደውን እንበለው። አንዳንድ ባል ስልኩን የሚያየው ሚስቱ እስክትተኛ ነው። አንድ ሌሊት ሞክሮ አልሆነለትም፤ አፈረ፤ ዳግም እንዳይሞከር ስልኩን መጋረጃ አደረገው። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ አንዳንድ የግፊትና የጭንቀት መድኃኒቶች፣ ድካም፣ የገንዘብ ሐሳብ፣ ሁሉም ይህን ያመጣሉ። አብዛኛው የሚታከም ነው፤ ሐኪም ጋር መሄድም ነውር የለውም። ባለቤትሽ እንዲህ ነው ማለታችን አይደለም። ግን መራቁ ስልኩን ከማብዛቱ በፊት የጀመረ ከሆነ አስቢበት፤ ስትጠይቂውም «ለምን አትፈልገኝም?» ከማለት «የደከመህ፣ ያሳሰበህ ነገር አለ?» ብትይው የሚናገርበት በር ታገኚለታለሽ።

ለጊዜው በሳምንት ሁለት ሌሊት ምረጡ፤ ለምሳሌ ማክሰኞና ቅዳሜ። በነዚያ ሁለት ሌሊቶች በአንድ ሰዓት ትተኛላችሁ፣ ስልኮቹ ሳሎን ያድራሉ፣ የሌሊት ጥቅልም አይገዛም። ይህ የመጨረሻው ቀላል ቢመስልም ወሳኝ ነው። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነው፣ ግን ሲነጋ ጊዜው ያልፋል፤ የገዛ ሰው ሳይጨርሰው ቢተኛ ብሩን የጣለው ይመስለዋልና እንቅልፉን ይከፍላል። በነዚህ ሌሊቶች ግንኙነት ይፈጸም ብለሽ አትጠብቂ፤ እንዲያውም «ዛሬ ዝም ብለን እንተኛ፣ ጀርባዬን እሸልኝ» በዪው። ግዴታ እንደሌለ ሲያውቅ የሚሸሽበት ምክንያት ይቀንሳል። ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ንክኪ ትንሽ ማፈር አለው፤ አይግረምሽ።

ስልክ ከመኝታ ቤት እንዳይወጣ የሚያደርጉት ምክንያቶች ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው። አንደኛው አላርም ነው፤ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ግዢ። ሌላው ቻርጅ ነው፤ ሳሎን አንድ ሶኬት ላይ ዲቫይደር ሰክተሽ የሁለታችሁንም ቻርጀር እዚያ አስቀምጪ፤ መኝታ ቤት አንድም ቻርጀር አይቅር። መብራት ሲጠፋ ስልኩ ባትሪ ሆኖ ስለሚያገለግል አልጋው አጠገብ የእጅ ባትሪ ይኑር። ቤታችሁ አንድ ክፍል ከሆነ ከአልጋው በጣም የራቀው ጥግ ይበቃል።

ትልቁ ምክንያት ግን ፍርሃት ነው። ሌሊት የሚደወል ስልክ እኛ ዘንድ የመርዶ ስልክ ነው፤ አገር ቤት እናት ያለችው ሰው ስልኩን ዘግቶ ማደር አይሆንለትም። ለዚህ መላ አለው። አንድሮይድ ስልክ ላይ «ዱ ኖት ዲስተርብ» (አትረብሹኝ) የሚለው ውስጥ ገብታችሁ የእናቱን፣ የእናትሽንና የቅርብ ሰዎችን ቁጥር ኮከብ አድርጉና እነሱ ብቻ እንዲያልፉ ፍቀዱ። «ሪፒት ኮለርስ» የሚለውንም አብሩት፤ ያኔ ማንም ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለቴ ከደወለ ስልኩ ይጮሃል። አይፎን ላይ ይኸው ነገር በ3 ደቂቃ ውስጥ ነው። ቤተሰቡንም «አስቸኳይ ከሆነ በቴሌግራም ሳይሆን በመደበኛው መስመር ሁለቴ ደውሉ» በሏቸው። ድምፁ ከፍ ብሎ ሳሎን ይደር።

ስልኩ ውስጥ ያሉት ገደቦች ይረዳሉ፤ ብቻቸውን ግን ደካማ ናቸው፣ በሁለት ንክኪ ይነሳሉና። ርቀት ይበልጣቸዋል። ከተጠቀመባቸው ስህተቱን ይወቅ። አንድሮይድ ላይ የስልክ አጠቃቀም በሚቆጣጠረው «ዲጂታል ዌልቢይንግ» ውስጥ ለቲክቶክ የ1 ሰዓት ገደብ ቢያደርግ፣ ቆጣሪው አዲስ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 5 ተኩል ላይ የተዘጋበት መተግበሪያ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሙሉ 1 ሰዓት ይዞ ይከፈትለታል፤ ብዙ ሰው «አይሠራም» ብሎ የሚተወው ለዚህ ነው። ገደቡ ላይ «ቤድታይም ሞድ» ይጨምርበት፤ ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል፣ ቀለም የሌለው ቪዲዮም ቶሎ ይሰለቻል። ሰዓቱን ሲሞላ ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚቆጥር የእኛ ምሽት 4 ሰዓት እሱ ላይ 10 ሰዓት ፒኤም ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ የዕድሩን፣ የአብሮ አደጉን፣ የሽያጩን ግሩፕ «አርካይቭ» (ከዝርዝሩ ገለል) ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ «ሚዩት» (ድምፅ አልባ) ካልተደረገ አዲስ መልእክት ሲገባ ተመልሶ ላይ ይወጣል። ሁለቱንም አንድ ላይ ያድርግ። ይህን ሁሉ እሱ በገዛ እጁ ያድርገው፤ አንቺ ስልኩን ተቀብለሽ አታስተካክዪለት።

ያፈርሰዋል። በ15 ቀን ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ስልኩን ራት ላይ ያነሳል፤ አንቺም ታነሻለሽ። የመጀመሪያውን እለፊው። ሁለተኛውን በቀልድ ሳይሆን በለስላሳ ቃል «ቡፌው ላይ» በዪና ወሬሽን ቀጥዪ። ማኩረፍ፣ «አላልኩህም!» ማለት፣ ለእናቱ መንገር የሁለት ሳምንቱን ሥራ በአንድ ምሽት ያፈርሳል። የተሳካውን ቀን ግን ንገሪው፤ «ዛሬ ራት ላይ ደስ አለኝ» ማለት አይክበድሽ። የሥራ ጥሪ ከመጣ «አንድ ስልክ አለብኝ፣ 5 ደቂቃ» ብሎ ተነስቶ ይመልስና ይመለስ፤ ተናግሮ የተነሳ ሰው አይከፋም፣ ሳይናገር የጠፋ ነው የሚከፋው።

ሽማግሌ አሁን አትጥሪ። ሽማግሌ ፊት ይህ ነገር ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ «ስልክ አየ ብለሽ ነው?» ይሉሻል፣ እሱም ይዋረዳል፣ የአልጋችሁም ጉዳይ አደባባይ ይወጣል። 15ቱን ቀን ሁለቴ ሞክራችሁ አንድም ነገር ካልተለወጠ፣ ወይም ጨርሶ ለመነጋገር እንቢ ካለ፣ ሁለታችሁም የምታምኑትን አንድ ሰው ወይም የንስሐ አባት፣ ከተገኘም የትዳር አማካሪ ጋር አብራችሁ ሂዱ። ዛቻ፣ ስድብ ወይም ዱላ ካለ ግን ይህ ምክር አይመለከትሽም፤ ለቤተሰብሽ ዛሬውኑ ንገሪ።

በ15ኛው ቀን ቡና አፍልተሽ አንድ ላይ ቁጭ በሉና ሦስት ነገር ተጠያየቁ፦ የትኛው ቀለለን፣ የትኛው ከበደን፣ የትኛውን እንቀጥል። ከራቱ፣ ከአቦሉና ከሁለቱ ሌሊቶች እሱ የመረጠው አንድ እንኳ ቢቀጥል፣ ለሚቀጥለው 15 ቀን ሌላ አንድ ጨምሩ። እስከዚያው ዛሬ ማታ የፊልሙን ስልክ ሳሎን ትተሽ ግቢ።